ጉዳዩ ሳይያዝ የቀመስኩት አምባሻ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልናገር ነው። እሳቸው ቢሰሙ ስግደት ያዙብኛል፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ መንበርከኩን ያውቃል እንጂ መነሣቱን ከረሳ ቆይቷል። እናንተ ከመታዘብ በቀር የምታዙብኝ ነገር የለምና ስሙኝ። እኔ ደበላ፣ የጎሮ ልጆች «ጋሽ አምባሻ» እያሉ የሚጠሩኝ፣ የሴቶች መብት ጠበቃ ተብዬ በየስብሰባው የሚጨበጨብልኝ ሽማግሌ፣ ሌባ ነኝ። የሰረቅሁት ምስጋና ነው።

ሰናይትን ታውቋታላችሁ። አምባሳደር ሆና ስንት አገር ዞራ የተመለሰች፣ አሁን ሰፈራችን መርጧት ምክር ቤት የገባች፣ ስለ ሰው ልጅ መብት ስትናገር የተኛውን የምትቀሰቅስ ሴት ናት። ያኔ ግን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ እኔ አለቃ በሆንኩበት የውጭ ጉዳይ ቢሮ ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ውጭ አገር ኤምባሲ መመደቧን ነገረችኝ። እኔ ያንን ምደባ ስጠብቅ ነው ፀጉሬ ያለቀው። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ከአንጀቴ ነበር? አልነበረም። ከጥርሴ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዳዊት ይወዳት ነበር። ጾም ሳይገባ ጉዳዩን ለመቁረጥ ሽማግሌ ሊልክባት አስቧል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ሰምታ ነው ቢሮዬን ዘግታ የለመነችኝ።

«ጋሼ፣ ዳዊትን አልጠላሁትም። ግን መጀመሪያ ልሂድ። አባቴ እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ እርስዎ ይንገሩልኝ። ትሂድ፣ ጋብቻው ይደርሳል ይበሉልኝ።»

«ተይው ለእኔ» አልኳት። ማተቤን ይዤ ነው ያልኩት።

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ እንደወጣሁ፣ እህል ሳልቀምስ፣ የዳዊት ንስሐ አባት ከሆኑት ከመምሬና ከአንድ ጎረቤታችን ጋር ሄድኩ። ቤታቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነበር። አባቷ አቶ ኪሮስ «ቁጭ በሉ» አሉን፤ መምሬ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» አሉ። እናቷም እንደ ወጉ ትኩስ አምባሻ አቀረቡ፤ እኛም እንደ ወጉ አየነው እንጂ አልነካነውም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይያዝለት እህል እንደማይቀምስ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሰናይት ጓዳ ናት። ስለ እሷ በምንነጋገርበት ሳሎን ውስጥ እሷ ብቻ አልነበረችም።

ተራዬ ደረሰ። ምን አልኩ መሰላችሁ? ትሂድ አልኩ? «አቶ ኪሮስ፣ ልጅዎን አውቃታለሁ፣ አለቃዋ ነኝ። የውጭ አገሩ ነገር የልጅነት ሞቅታ ነው። ሴት ልጅ ለትዳር እንጂ ለኤምባሲ አልተፈጠረችም። ሥራውን ትተወዋለች፤ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ዳዊት አስገድዶኝ አይደለም፤ መምሬም ሹክ ብለውኝ አይደለም። ያልደረሰኝ ወንበር ለእሷ ሲደርሳት ስላቃጠለኝ ነው። በእንግዶች ፊት ስለ እኩልነት ያማረ ንግግር የማቀርበው እኔ፣ የለመነችኝን ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሸጥኳት።

አቶ ኪሮስ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ መጣ። በዚያ ሰፈር አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል፤ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል። እኔም ጣሪያውን አየሁ። እጄ ግን ጣሪያ አላየችም። ድምፁ ሲርቅ ቤቱ ሁሉ እኔን ያያል፤ ጉንጬ በአምባሻ ተወጥሯል። ልውጠው ብል አይወርድ፣ ልትፋው ብል ነውር። መምሬ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ እየጸለዩ ይሁን እየረገሙኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አቶ ኪሮስ ፊታቸው ተለወጠ። «የእኔ ልጅ እሺታዬ ሳይሰማ እህል የሚቀመስባት ዕቃ ናት እንዴ? በሉ፣ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» አሉ።

ፋሲካ ሳይደርስ ሰናይት በዚያው ጣሪያ ላይ በርራ ሄደች። ዳዊትም ብዙ አልቆየም፤ አንዲት ደፋር ራሷ «አግባኝ» አለችው፣ ያለ ሽማግሌ ሦስት ልጆች ወለዱ።

ይህ አንደኛው በደሌ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ከመሄዷ በፊት ቢሮዬ መጥታ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች። እናቷ ያዩትን ነግረዋታል፤ ያልኩትን ግን ማንም አልነገራትም። «ጋሼ፣ አምባሻውን የበሉት ሆን ብለው ነው አይደል? ነገሩን ለእኔ ብለው አበላሹት» አለችኝ። እኔስ? ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ትሕትና ተብሎ ተቆጠረልኝ። ከዚያ ወዲህ በሄደችበት ሁሉ ስለ እኔ ታወራለች። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ብወጣ ሴቶች መርጠው ይመዝኑልኛል፣ ይመርቁልኛል፤ እኔም እየተመረቅሁ እገባለሁ። አላፈርኩም? አፍሬያለሁ። ምርቃቱን መለስኩ? አልመለስኩም።

አሁን ሰናይት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ልትሰበስብ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ሳሎን ትቀመጥ፣ በራሷ አፍ ትጠየቅ የሚል ስምምነት ልታስይዝ። መክፈቻውን እኔ እንድናገር፣ አምባሻውን እንዳወራ ጠየቀችኝ። ውሸቴ ለምርቃት ብቻ ሲሆን ችዬው ነበር። ለስምምነቱ መሠረት ሲሆን ግን ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ለአባቴ ያሉትን ይድገሙልኝ።»

ደገምኩት። እንደ ኮሶ ነው የወጣው።

«አባቴ ምን አለ?»

«ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ጓዳ።»

«ጓዳ» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ በዚያን ሰዓት ምስጋናውንም ልጅቷንም ያጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎኝ ልነካት ስል ሳቋ ፈነዳ።

«እኔ እኮ ጋሼ፣ ጥሩ ሽማግሌ የገጠማት ልጅ ትድናለች እያልኩ ስንት አገር ዞርኩ። ለካ ያዳነኝ ሆድዎ ነው። ቁርስ በልተው ቢመጡ ኖሮ ይህን ጊዜ የዳዊትን ካልሲ እያጣጠፍኩ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ይህንኑ ይንገሯቸው፣ አንድ ቃል ሳይቀንሱ። የሴት ልጅ ዕድል ሽማግሌው ቁርስ በመብላቱና ባለመብላቱ መወሰን እንደሌለበት ከእርስዎ የተሻለ ማን ያስረዳቸዋል?»

ዐይኗን ጠርጋ ወደ ጓዳ ገባችና በሳህን አምባሻ ይዛ መጣች። «ቁጭ ይበሉ፣ ይቅመሱ» አለች። እጄ ተነሣች፤ ይቺ እጅ መቼም አትማርም። በሌላኛው እጄ ያዝኳትና ቆምኩ።

«ጉዳዬ ሳይመለስ አልቀመጥም፣ አልቀምስም» አልኳት።

«ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

«ይቅርታ ልለምን ነው የመጣሁት።»

ሳቋን ዋጠች። የአባቷን ፊት አወጣች፣ ቅንድቡ ሳይቀር።

«ከፋሲካ በኋላ ይመለሱ» አለችኝ።

እየሳቅሁ፣ እየራበኝ፣ ወደ ጎሮ በእግሬ ተመለስኩ። ምክንያት አላቀርብም። ረሃብ ነው እንዳልል፣ ረሃቤ ጠቀማት እንጂ አልበደላትም። የሸጣት አፌ ነው፤ አፌን ደግሞ ማንም አላዘዘውም። ፋሲካ እስኪያልፍ እንግዲህ ቤታችሁ ብመጣ አምባሻ አታቅርቡልኝ። ጉዳዬ ገና አልተያዘም።