የሽመክት እጅ

ባሌ ሽመክት አርፎ መቀመጥ አያውቅም። ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ ይነሳል፣ ስልክ ሲያወራ ግቢውን ይዞራል፣ ተኝቶ እንኳ ጣቶቹ አንሶላው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አያቱ በወታደርነት መጥተው ጅጅጋ ቀርተው ነው እንጂ እኔስ የከተማው ነፋስ የወለደው ይመስለኛል።

ሥራው ድምፅ ነው። ሰርግ ላይ ማይክ ይዘረጋል፤ ከቤታችን ጀርባ ባበጃት ክፍል ደግሞ ድምፅ ይቀዳል። ሀብቱ ሁሉ አንድ የድሮ ሚክሰር ነው፤ የከተማው የኪነት ቡድን ሲፈርስ በጨረታ የገዛው፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ብረት። ፊቱ ላይ ፌደር የሚሏቸው ተንሸራታች ቁልፎች ተደርድረዋል። ወደ ላይ ሲገፏቸው ድምፅ ይጨምራል፣ ወደ ታች ሲስቧቸው ይቀንሳል። እነሱን ማንም እንዲነካ አይፈቅድም። እኔ አቧራ ልጥረግ ብዬ ጨርቅ ሳነሳ እንደ ሌባ ነው የሚያየኝ። እሱ ግን ሻይ እየጠጣም፣ ሰው እያጫወተም ሲገፋቸውና ሲስባቸው ይውላል። በመጨረሻ ተበልተው አለቁ። ጣቱ ገና ሲያርፍባቸው ድምፅ ማጉያው እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጫጫ ጀመር። አቧራው ነው አለኝ። እጅህ ነው አልኩት።

በ2014 ግንቦት ላይ ጎረቤታችን ሀምዲ መጣች። እኔን “አባዮ”፣ እሱን “ዋላሎ” ትለናለች፤ እህቴ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። በሰርግ ሴቶች የሚያዜሙትን ቡራንቡር ከጅጅጋ እስከ ቀብሪበያ እንደሷ የሚያወርደው የለም። የሌላ ሰው ልጅ ስታሞግስ ኖራ አሁን የራሷ ልጅ የፈርሂያ ሰርግ ከዐረፋ በኋላ ተቆርጧል። እሷ ግን ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ወጥቶባት ቅዳሜ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። ለልጇ የገጠመችውን ሳልሄድ ቅዳልኝ ስትለው ሽመክት ወዲያው እሺ አለ። በዚያ በሚንጫጫ ሚክሰር!

በስልክ ብትቀዳትስ አልኩ። ሀምዲ ራሷ ሳቀች፤ በስልክ ድምፄ የትንኝ ነው የሚመስለው አለች። ሽመክት ፌደሮቹን በአልኮል ቢያጥባቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ሽንሌ ወዳለው ወዳጁ ወደ ዳሂር ደወለ፤ ዳሂር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከጅቡቲ ያስመጣል። የአዲሱን ፌደር ልክ በስልክ እየነገረው እንኳ አልተቀመጠም። ዕቃው ተገኝቶ በሚኒባስ እስኪላክ ድረስ እኔም አብሬው ታመምኩ። ብሎኖቹን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል፣ መናኸሪያ ሄዶ ይመለሳል። ካራማራን ስታልፍ ደውልልኝ ያለው ሾፌር ስልኩ ተዘግቶበት ሌላ ጣጣ ሆነ።

ፌደሩ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደረሰ። ሽመክት የሀምዲን ማይክ የሚይዘውን አሮጌ ፌደር በጋለ ካውያ ነቅሎ አዲሱን በቀለጠ ስታኞ በየደው። ሲቸኩል ብሎኖቹን ደፋቸውና ተንበርክከን ፈለግናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ ልተርተው ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ሀምዲ ጀመረች። ምንም አልተንጫጫም። ሴትዮዋ ፈርሂያን ገና ከመወለዷ ጀምራ ስታነሳት እንባዬ መጣ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ግን የሽመክት እጅ አላስችል አለው፤ ጥቂት ልጨምር ብሎ ገፋው። የድሮው ፌደር ቀስ እያለ ነበር የሚጨምረው፤ ይሄኛው ትንሽ ሲነኩት ይዘላል። ድምፅዋ በማጉያው ጮኾ ተሰነጠቀ። ሀምዲ አቋርጣ ሳለች፣ ረጅም ሳል። ባሌን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። አመል ያወጣል ከመሃል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ውሃ ጠጥታ ከእንግዲህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ጉሮሮ እንዳላት ነገረችን። ሽመክት ፌደሩን ልለውጠው፣ ሌላ ላስመጣ እያለ ተርበተበተ።

“ዋላሎ፣ ማሽኑ ደህና ነው” አለችው፣ ወደ እኔ እያመለከተች። “እጅህን ለሶሲና ስጣት።”

ሁለት እጆቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩ። እሷ እስክትጨርስ እንደ ተያዘች ጫጩት እጄ ውስጥ ሲንፈራገጡ ተሰማኝ። አልለቀቅኩም። ስትጨርስ ለቀቅኩት። እጆቹ በላብ ርሰው ነበር።

ሐኪሙ የፈራው ደረሰ። ሀምዲ ድና ተመለሰች፤ ድምፅዋ ግን ከሹክሹክታ አላለፈም።

በሰርጉ ቀን ሴቶቹ ከመጋረጃ ማዶ፣ ሽመክትና እኔ ከሚክሰሩ ጋር ከመጋረጃ ወዲህ ነበርን። የተቀዳው ሲጀምር እልልታው ዋጠው። ሀምዲ መጋረጃውን ገልጣ ወደኛ ገባችና ጨምር ለማለት በእጇ ወደ ላይ አመለከተች። የሽመክት እጅ ወደ ፌደሩ ሄደ። ከዚያ መለሰው፣ ወንበሩን ለቀቀላት፣ እጆቹንም ኋላው አጣምሮ ቆመ።

ሀምዲ ጣቷን ፌደሩ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ገፋችው። ድምፅዋ ከእልልታው በላይ ወጣ፤ ማዶ ያሉት ሴቶች ዝም አሉ። ፈርሂያ “ሆዮ” እያለች እናቷን ስትጣራ ሰማናት።

ሀምዲ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣትም። ፌደሩን ትንሽ ጨመረችው።