የአራሚው የጥያቄ ምልክት

ዓመል ያወጣል ከመሐል ይባላል። አራሚውን ከመሐል ያወጣው ግን ዓመሉ ሳይሆን ማተሚያ ቤቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ፣ አንድ ቀን እሱ ራሱ ትርፍ ሆኖ ተገኘና ተሰረዘ።

በመጀመሪያው ዓመት ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ሥራ አገኘህ ወይ ይለው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጥያቄው ቀረ፤ በሦስተኛው ጠያቂዎቹም ቀሩ። እሱም ቢሆን ደህና አድርጎ አገዛቸው፤ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ መንገድ ይሻገራል፣ ስልክ ሲጠራ እጁን ሊታጠብ ይነሳል። ሸሚዙን ግን በየጠዋቱ ይተኩሳል፤ ቀይ እስክሪብቶውንም ደረት ኪሱ ላይ ይሰካል። ጠያቂ ስለሌለ ለማን እንደሚለብስ አልታወቀም።

በስምንተኛው ዓመት ታናሽ እህቱ ደወለችና ስልኩን እጁን ሳይታጠብ አነሳው። ልጇን ልትድር ነው። የሰው ስም ተበላሽቶ ከተጻፈ ቅያሜ ስለሚያመጣ፣ ካርዱ ሳይታተም የተጠሪዎቹን ዝርዝር እንዲያርምላት ፈለገች። አራሚው ከልቡ ደስ አለው። ሙሽራዋን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው።

ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበበው፤ አንዴ ለፊደሉ፣ አንዴ ለማዕረጉ፣ አንዴ ደግሞ ለራሱ። ሁለት መቶ አርባ ሰው ተጠርቷል። የሰፈሩ ባለሱቅ አለ። የእህቱ ጥርስ ሐኪም፣ ያውም ከነባለቤቱ፣ አለ። እሱ የለም።

የሙያው ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ አራሚ ከራሱ አይጨምርም። የጎደለ ነገር ያለ ከመሰለው የጥያቄ ምልክት አድርጎ ለጽሑፉ ባለቤት ይመልሳል። እሱም ከመጨረሻው ስም ግርጌ አንዲት ቀይ የጥያቄ ምልክት አደረገና ወረቀቱን ይዞላት ሄደ።

እህቱ ምልክቷን አየት አድርጋ ምን እንደሆነች ጠየቀችው።

«የቀረ ሰው ካለ ብዬ ነው» አላት።

ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ኧረ ማንም አልቀረም። እጅህ ይባረክ፣ ወንድም ጋሼ። ደግሞ አደራህን፣ የዚያን ዕለት ሁላችንም ስለምንወጣ ቤቱን አንተ ትጠብቅልናለህ። መቼም ሥራ የለብህ።»

አራሚው ቀይ እስክሪብቶውን አወጣና የጥያቄ ምልክቷን ሰረዛት።

«ስንት ሰዓት ልግባ?» አላት።