የእድራችን ቆጮና የወረዳው እንግዶች

2000 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ። መንደራችን ከቦንጋ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃው እንደፈቀደ ነው።

እድራችን ለለቅሶ ብቻ አልነበረም። እንሰት የፋቀ ቤት ሁሉ ከቆጮው ትንሽ ቀንሶ የእድሩ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምራል። ክረምት ገብቶ በቆሎው ሳይደርስ ቤቱ ባዶ የሆነበት ሰው ከዚያ ይወስዳል። መልስ የሚለው የለም። ጠባቂው እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ ግትር ስለሆንኩ ነው፤ ፊት ለፊቴም ነግረውኛል።

በዚያ ዓመት እንሰቱን በሽታ መታው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፤ ግንዱን ሲቆርጡት ቢጫ ውሃ ይወጣዋል። አጥር ለአጥር የምንገናኝ አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረችኝ፤ የእሷ ጓሮ እንዳለ አለቀ። አራት ልጆች አሏት። እንደ እሷ የሆኑ ቤቶች በዙና ጉድጓዱ እስከ ነሐሴ እንደማያደርሰን አየሁ።

የእድሩ ዳኛ፣ «ቦንጋ ያለው የወረዳው መጋዘን ውስጥ እህል አለ፤ እንጠይቅ» አለ።

«መንግሥት ጉድጓዳችንን ካየ ወይ የኔ ነው ይላል፣ ወይ ጠግባችኋል ይላል» አልኩ። ሰሚ አላገኘሁም።

ዳኛው አመለከተና ከወረዳው ሁለት ሰዎች ችግሩን ሊያዩ መጡ፤ አንድ ሸምገል ያለ ኃላፊና አንድ ወጣት ባለሙያ። በእኛ አገር እንግዳ አፉን ሳያሟሽ ወሬ አይጀመርም። ያቺ ጎረቤቴ ቆጮ ተበደረች፣ ቅቤ ተበደረች፣ ማር ማንኪራ መንደር ካሉ ዘመዶቿ አስመጣች። ልጆቿን ጎረቤት ደብቃ እንግዶቹን አጠገበች። መርቀው ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር እየሳቀ መጣ። «ሪፖርቱ ጥሩ ነው! ቅቤና ማር የሚያበላ ሰው አልተራበም ብለዋል። በራሳችሁ ጎተራ በመቋቋም ሞዴል ሆናችኋል።»

ጎረቤቴ ሰምታ፣ «ሞዴሉን ቀቅዬ ለልጆቼ ላብላቸው?» አለችው።

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ሪፖርቱ ለማን እንደጠቀመ አሰብኩ። ቀበሌው አልተራበም ከተባለ ሊቀመንበሩም ሥራውን ሠራ ይባላል።

ቦንጋ ሄድኩና ያንን ኃላፊ ቢሮው ድረስ ገብቼ አገኘሁት።

«ጌታዬ፣ ተመልሳችሁ ኑ» አልኩት። «ግን ቁርሳችሁን ቤታችሁ በልታችሁ ኑ።»

«ምን ማለትዎ ነው አባቴ?»

«ስትመጡ ታዩታላችሁ።»

የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር፤ መጡ። በዋዜማው ጎረቤቴ ለእንግዶቹ ቆጮ አውጣልኝ ብትለኝ ከለከልኳት። እሷ ግን ቅቤውን እንደገና ተበድራ ኖሯል። ሰዎቹ በሯ ላይ ሲደርሱ ገበታው ቀርቧል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዛሬ አትበሉም» አልኩ።

ጎረቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ጋሼ፣ በገዛ ቤቴ ታዋርደኛለህ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚለውን ይበል። ቅቤው የአንቺ አይደለም። የአንቺው ምግብ ምድጃው ላይ ነው ያለው።»

ገብቼ ድስቱን አወጣሁ። ለልጆቿ የቀቀለችው ነው፤ በሽታው ሳይደርስበት ብላ ያለ ጊዜው የነቀለችው እንጭጭ የእንሰት ሥር፣ ከዱር ጎመን ጋር። ጨው የለውም። ኃላፊው እጁን ኪሱ ከተተ። ባለሙያው ግን አንድ ቁራጭ አንስቶ በላ። አኘከ፣ አኘከ፣ በግድ ዋጠው።

«ለተከላ የሚሆነውን ነው የነቀላችሁት» አለ። «የከርሞውስ?»

«እሱን ለመጠየቅ ነው የጠራናችሁ።»

ጓሮዋን ዞረው አዩ። ከዚያ ጉድጓዱን ገለጥኩላቸው። የተከደነበትን ቅጠል ሳነሳ ቆጮው ከማለቁ የተነሳ ከሥር የተነጠፈው ቅጠል ይታይ ነበር። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እንግዲያው እህል ይሰጣችኋል» አለ። «ግን አሠራር አለው። ይህን ጉድጓድ ለቀበሌው አስረክቡና ሁሉም በአንድ ላይ ይተዳደር።»

ይኸው መጣ አልኩ በሆዴ።

«አላስረክብም። ጉድጓዱ የእኛ ነው። የእናንተን እህል እናንተ አካፍሉ፤ ሲካፈል ግን ከእድሩ ሁለት ሰው አጠገባችሁ ይቁም። የማን ቤት ባዶ እንደሆነ እኛ እናውቃለን።»

አብሯቸው የመጣው ሊቀመንበር፣ «ጋሼ፣ ለመንግሥት እንዲህ አይባልም» ብሎ እጅጌዬን ጎተተኝ።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚባለው? አንተ ብለህ አሳየኛ!»

ባለሙያው ሳቁን ዋጠ። ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ፣ «ይሁን፣ ሁለት ሰው ይቁም» አለ። «ሰኞ መኪና እንልካለን።»

«የትኛው ሰኞ?» አልኩት።

መኪናቸው ውስጥ ገባ። መኪናዋ እየተንሸራተተች ሄደች። ጎረቤቴ የተበደረችውን ቅቤ ለባለቤቱ ለመመለስ ወጣች፤ በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሰኞን አልጠበቅኩም፤ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከሦስት ቤት ሦስት በቅሎ ለመንኩ። ባዶ ጆንያ ጫንኩባቸውና ዳኛውን ቀስቅሼ ቦንጋ ወረድን፤ በቅሎዎቹንም መጋዘኑ በር ላይ አሰርን።