አማቴ መፍቻ የያዙ ዕለት

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጥር ላይ ነው። ብዙ ሰርግ በልቼ የብዙውን ረስቻለሁ። የራሴን ግን "እንዴት ተጋባችሁ?" ላለኝ ሁሉ ከመኪና ሞተር ስለምጀምርለት እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል።

ያኔ ወረታ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ያጨኋት ልጅ፣ የሺ፣ ከጉማራ ወንዝ ማዶ፣ ወደ አንበሳሜ መሄጃ ያለ መንደር የአንድ ባለከብት ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ተገኘ ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። ለእሳቸው ብረት የሚቀጠቅጥም ብረት የሚፈታም አንድ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለብረት ሠሪ ልጅ መስጠት ነውር ነበር። እሺ ያሉት የነፍስ አባታቸው ገብተውበት ነው። "ብቻ በሰርጉ ቀን ከነዘይቱ እንዳይመጣብኝ" ማለታቸውንም ሰምቻለሁ።

በሰርጉ ዕለት ነጭ በነጭ ለብሼ፣ ካባ ደርቤ፣ ከሚዜዎቼና ከዘመዶቼ ጋር በአሮጌ የጭነት መኪና ተነሳን። ሹፌሩ ጓደኛዬ አበጀ ነው። የጉማራን ድልድይ እንደተሻገርን ሞተሩ ተንገራገጨና ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይ ክዳን፣ ሥር እንፋሎት ይተፋ ጀመር።

ከፍቼ ሳይ ቴስታታውን ከሞተሩ አካል ጋር አጥብቀው ከሚይዙት ራስ የለሽ ረጃጅም ብሎኖች ሁለቱ ተበጥሰዋል። ሞተሩን ከሰርጉ በኋላ ላድሰው አስቤ ስለነበር አዳዲሶቹ ብሎኖች፣ ከክዳኑ ሥር ውሃ እንዳያሾልክ ከሚነጠፈው ጋርኒሲዮን ጋር፣ ከመቀመጫው ሥር ነበሩ። በእግር እንዳንሄድ ሩቅ ነው፤ በዚያ መንገድ ሌላ መኪና ማግኘትም ዘበት ነው። አበጀ ደግሞ መንዳት እንጂ መፍታት አያውቅም። ካባዬን ለሚዜዬ ሰጥቼ የአበጀን ቱታ አጠለቅሁ።

ውሃውን አፍስሰን ቴስታታውን አወረድነው። የቀሩትን ጉማጆች በቱቦ መፍቻ ነክሼ አወጣሁ። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ እየጠቀጠቅሁ አደረቅኋቸው፤ ውስጣቸው ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲወርድ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያውን አዲስ ብሎን ሳስገባ ከኋላዬ ሲዘፍኑ የቆዩት ዘመዶቼ ዘፈኑን አቋረጡ። ቀና ብል አማቴ በቅሎ ላይ ሆነው ያዩኛል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወጉን ትተው ራሳቸው ሙሽራ ፍለጋ ወጥተዋል።

እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። አበቃልኝ አልኩ በልቤ።

ከበቅሏቸው ወርደው ጎንበስ አሉና ሞተሩን አዩ። ብሎኑ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች በጣታቸው አመለከቱ።

"ሁለት ምን ያደርጋል?"

"አንዱ ብቻውን ይዞራል እንጂ ብሎኑን አያዞረውም፣ አባቴ። ሁለቱን እርስ በርስ ሳጠብቃቸው ይዘውት ይወርዳሉ። ከገባ በኋላ አወጣቸዋለሁ።"

"አንድ በሬስ መች ያርሳል" አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው ለሚዜዬ ሰጡ።

ቴስታታውን መልሰን ስናስቀምጥ ዳዶዎቹ ከመካከል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት እንደሚጠብቁ ነገርኳቸው። ረጅሙን መፍቻ ከእጄ ወሰዱ። ዕድሜ ልኩን እርፍ የጨበጠ ክንድ ነው፤ አዲሱንም እንዳይበጥሱት ለምኜ ነው ያስቆምኳቸው። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

አበጀ ከጉማራ ውሃ ቀድቶ ሞላ፤ ሞተሩም እያስነጠሰ ተነሳ። አማቴ በቅሏቸውን ለአንድ ዘመዴ ሰጥተው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ።

ዳሱ በር ላይ ሰው ሁሉ የሙሽራዋ አባት እጃቸው ጠቁሮ ከሙሽራው መኪና ሲወርዱ አየ። አንድ የአጎታቸው ልጅ፣ ድሮም ጋብቻውን ያልወደደ፣ ስለ ብረት ሠሪ ማጉረምረም ሲጀምር አማቴ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት።

"እንግዲህ ስትሳደብ እኔንም ጨምረህ ነው" አሉት።

እጄን በአመድና በሎሚ ቢያሹልኝም ከጥፍሬ ሥር ያለው አልለቀቀም። የሺን በዚያው እጅ አጎረስኳት። እሷም እያየችው ሳቋን መያዝ አቅቷት ትን አላት።

እነዚያ ብሎኖች ባይበጠሱ ኖሮ አማቴ ቤት በቄስ አማላጅነት የገባ እንግዳ ሆኜ እቀር ነበር። መበጠሳቸው ዛሬም ደስ ይለኛል። አማቴ ካረፉ ቆዩ። በሕይወት ሳሉ ግን ወረታ ገበያ በወጡ ቁጥር መጀመሪያ ጋራዡ ጎራ ይሉ ነበር። ጋቢያቸውን ምስማር ላይ ይሰቅሉና፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ፣ የሚጠብቅ ዳዶ እንዳለ ይጠይቁኛል። እኔም ባይኖርም አንድ አላልቼ እጠብቃቸው ነበር።