ዶሮዋን ድልድይ ማሻገር

የሰፈሩ ሰው «መርፌ» ነው የሚላት። ቀጭን ሆና አይደለም፤ ኧረ እንዲያውም ደልደል ያለች ሴት ናት። ጣቶቿ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ስለሚወጡ ነው። ከታላቅ ወንድሟ ጋር የድሮ ቴሌቪዥንና የድሮ ጌም የሚጠግኑበት ሱቅ አላቸው። ሱቅ ማለት እንግዲህ ወግ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ወንድሟ ፊት ለፊት ሆኖ ደንበኛ ይቀበላል፣ ያስቃል፣ ይከራከራል። እሷ ከኋላ መብራት ሥር አቀርቅራ ትበይዳለች። ውሃ ውስጥ የከተተውን ዕቃ ይዞ መጥቶ «ምንም አልነካሁትም» የሚል ደንበኛ ሲያጋጥማት ቀና ሳትል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትለዋለች።

ሱቁ አንድ ሕግ አለው። የተጠገነ ጆይስቲክ ሁሉ ዶሮዋን ድልድዩን ሳያሻግር ከዚያ ቤት አይወጣም።

ዶሮዋ ማን ናት? በልጅነታቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን የሚታይ ካርቱን ነበር። ቀይ ቦት ጫማ ያደረገች፣ የተሰረቁ እንቁላሎቿን ፍለጋ አገር ምድሩን የምታምስ ነገረኛ ዶሮ። ካርቱኑ ሲወደድ ጊዜ ጌም ተሠራለት። ዶሮዋ ወደ ቀኝ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ቀበሮ ካገኘች አናቱ ላይ ትወጣለች፤ በቃ ይኸው ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ግን አንድ የተረገመ ድልድይ አለ። ሳንቃዎቹ እግሯ ገና ሲነካቸው ይረግፋሉ። ብትዘገይ ገደል፣ ብትቸኩል ገደል። ቁልፉን ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ አሥራ አራት ጊዜ፣ ሳይዛነፍ። የጆይስቲክ እንከን ቅንጣት ታህል ብትሆን እዚያ ትጋለጣለች። መርፌ ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛ እያየ ዶሮዋን አሻግራለች፤ ደንበኛውም አጨብጭቦ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ግን ዶሮዋ መውደቅ ጀመረች።

መጀመሪያ የወደቀችው በአውቶቡስ ሹፌሩ ጆይስቲክ ነው። ሹፌሩ ሃምሳ ያለፈው ጎልማሳ ነው፤ ከሥራ ሲገባ ከዶሮዋ ጋር ትንሽ ካልሮጠ ራቱ አይወርድለትም። አንድ ቁልፍ እምቢ ብሎት አመጣው፣ መርፌም በሩብ ሰዓት ጠገነችው። ድልድዩ ላይ ስትሞክረው ስድስተኛው ሳንቃ ላይ ዶሮዋ ገደል ገባች። ደገመችው፤ አራተኛው ላይ። «ጎማው ነው» አለችና ከቁልፉ ሥር ያለውን ጎማ ቀየረች። ወደቀች። ገመዱን ቀየረች። አሁንም ወደቀች። ውስጡን ፈታ እያንዳንዷን ነጥብ እንደ አዲስ በየደች። ድፍን ስምንት ቀን ጤነኛ ዕቃ ስታክም ሰነበተች! ጠጋኝ እንዲህ ነው፤ ነገር ሲበላሽ የሚያየው ዕቃውን እንጂ የያዘውን እጅ አይደለም።

አይ፣ እንዲህ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አይታዋለች። ቀኝ አውራ ጣቷ፣ እጇ ሥራ ፈቶ ጭኗ ላይ ሲያርፍ ብቻውን ይርገበገባል። ስታየው ቶሎ ብላ በግራ እጇ ትጨብጠዋለች። ከዚያ ዙሪያዋን ታያለች፣ ያየኝ ሰው አለ ወይ ብላ።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር። እሱንም መንቀጥቀጡ በአውራ ጣቱ ነው የጀመረው። ለሚስቱም፣ ለልጆቹም፣ ለማንም ሳይተነፍስ ሁለት ዓመት ደበቀው። አንድ ቀን የደንበኛ ሰዓት ከእጁ አመለጠና ወለሉ ላይ ተበታተነ። የተቆጣው ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሰዉ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ «ደህና ዋሉ» ይላል እንጂ አይገባም። አሥራ አንድ ዓመት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች የምትቆልፍለት መርፌ ነበረች፤ እስክትጨርስ ድረስ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እናቷ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ስትል ትሰማ ነበር። ያኔ አባባል ብቻ ይመስላት ነበር።

አሁን ብርጭቋዋን እስከ ግማሽ ነው የምትቀዳው። ሰው ፊት ፊርማ መፈረም ትታለች። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት በር ድረስ ሄዳ ተመልሳለች፤ አንዴ «ሰልፉ በዛ» ብላ፣ አንዴ ደግሞ ሰልፍ የሚባል ሳይኖር። ሐኪሙ ስሙን እስካልጠራው ድረስ በሽታው የሌለ ይመስላት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሹፌሩ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ዕቃውን ሊወስድ ነው። ረፋዱ ላይ አንድ ሐሳብ መጣላት። ጆይስቲኩን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ እስቲ አንተ ሞክረው። ግራ ገባኝ።»

ይሄ ወንድሟ በልጅነቱ ዶሮዋን ያንን ድልድይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያሻግራት፤ አሁንም ደንበኛ ሲያሞግሰው ያደርገዋል። እሱ የሚወድቀው ጆይስቲኩ ከተበላሸ ብቻ ነው። እሷም ከኋላው ቆማ፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ በሆዷ ለመነች። አምላኬ፣ ይውደቅ። እባክህ ይውደቅልኝ።

ወደቀ።

ድልድዩ ጋ መድረስም አላስፈለገው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ገና ጌሙ ሲጀምር ያለችው ትንሽ ኩሬ ውስጥ ዶሮዋን ከተታት። ሁለተኛ፣ እዚያው ኩሬ። ሦስተኛ፣ እዚያው። ጌሙ አለቀ። ያቺን ኩሬ እናታቸው እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጆይስቲክን በሁለት እጇ እንደ ትሪ ይዛ ትዘላት ነበር።

«አየሽ?» አለ ወንድሟ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ዕቃው ነው። የማይረባ ዕቃ! ለሰውየው እንዳለ መልሺለትና ይገላግለን።»

እውነቱን እንነጋገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ከዚያ የወንድሟን እጅ አየች። አውራ ጣቱ መዝለያው ቁልፍ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ጋሼ።»

«እ?»

«ቁልፉን አልተጫንከውም።»

ወንድሟ ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ለቀስተኛ የሚያስቅ ሰው ነው። አሁን ግን ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው።

«ክረምት ሳይገባ። ሻይ ስታቀብዪኝ።»

«ሰባት ወር ሙሉ! ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ፈራኋ!» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «አባባ ትዝ አለኝ። ካልተናገርኩት ይተዋት ይሆናል አልኩ። ምን ላድርግ፣ ፈራሁ።»

እሷ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፍርሃትን የምታውቅ ይመስላት ነበር። በልጅነታቸው በጨለማ ጓሮ ሲሄዱ ከፊት ይቀድማት የነበረው ወንድሟ ሲፈራ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ መሀል ሹፌሩ ቁልፎቹን እያንቃጨለ ደጃፉ ላይ ደረሰ። «መርፌ! ዶሮዬ ተሻገረች ወይስ ላልቅስ?»

ወንድሟ ብድግ አለ። «ስማኝማ ወዳጄ፣ ይሄ ዕቃህ እኮ…»

«ዕቃው ደህና ነው» አለች መርፌ። «መጀመሪያ ቀን ነው የዳነው። ስምንት ቀን በከንቱ አመላለስኩዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የታመመው እጄ ነው። አባታችንን የያዘው ሳይሆን አይቀርም።»

ሹፌሩ ወንድሟን አየ፣ እጇን አየ፣ ከዚያ ጫማውን። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለ በመጨረሻ፤ ጆይስቲኩን ብብቱ ሥር ከቶ፣ ሳይሞከርለት፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ወጣ። መርፌ ጀርባውን እያየች ከአባቷ ደጃፍ ይርቁ የነበሩትን ሰዎች አሰበች። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ነገ ይህ ሰው «ደህና ዋሉ» ብሎ ያልፍ ይሆን? አላወቀችም።

ወንድሟ የመብራቱን ማጥፊያ ተጫነና ኮቷን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

«ተነሺ። ሐኪም ቤት።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

«ጋሼ፣ አልችልም። በጣም ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ተነሺ።»

ቀኝ እጇን ሰጠችው። አጥብቆ ያዘው።