በኅዳር ሚካኤል የቀናው ጎማ

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ስወርድ ሳላስተውል አዲሱ የብስክሌት መስመር ውስጥ ገብቼ ኖሯል። አንድ ጎረምሳ ደወሉን እያቃጨለ «እማማ፣ የሳይክል መንገድ ነው፤ በጎን ይሂዱ!» አለኝ። በጎን ሄድኩ፤ ግን ተናደድኩ። እኔ ይህን ቁልቁለት በብስክሌት ስበርበት የዚህ ልጅ አባት ገና ዳዴ ይል ነበር። ያውም በቀሚስ ነው የወረድኩት።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ብስክሌቱ የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሥራ ይዞ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ለእኔ ተወልኝ። እናቴ «የዱርዬ ጨዋታ» ትለው ነበር። አንድ ቀን ከታክሲ ስሸሽ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨሁና የፊት ጎማው ተጣመመ። ጉልበቴም ተልጧል፤ እሱን ያየልኝ የለም። እናቴ ጎማውን አየችና «ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ ይውሰደው» ብላ ፈረደች። ቆራሌ እጅ የገባ ብረት ደግሞ አይመለስም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብስክሌት ጠጋኙ ጋሽ ተካ ዘንድ እየጎተትኩ ወሰድኩት።

«እናትሽ እንዳልነካው ነግረውኛል። ከእሳቸው ጋር አልጣላም» አለኝ። ከዚያ ትንሿን መፍቻ አነሳና እጄ ላይ ጣል አደረጋት። «መፍቻ አታውስ ግን አላሉኝም።»

የቀረኝ ዓርብ ብቻ ነበር። ዓርብ ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ በእኛ ቤት በሚካኤል መርፌ እንኳ አይነሳም። እናቴ ቅዳሴ እንደሄደች ብስክሌቱን ግቢው መሀል ገለበጥኩት። ኅዳር ሲታጠን ነውና በየደጁ ጥራጊ ይቃጠላል። ሰፈርተኛው ቆሻሻውን ሲያነድ እኔ ቆሻሻ የተባለብኝን አቃና ጀመር።

የተጣመመበትን እንዲያሳየኝ ጎማውን በያዘው ብረት ላይ የክብሪት እንጨት በክር አሰርኩና ጎማውን አሽከረከርኩት። ወደ ግራ አዘንብሎ ክብሪቱን ሲነካ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሽቦዎች ብቻ እስኪጮሁ አጠበቅኋቸው። ጎማው መቃናቱ ቀርቶ እንቁላል መሰለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው ቢጠይቀኝ በጭሱ ላመካኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የቀኙ ሲጠብቅ የግራው በዚያው ልክ መላላት አለበት። ሁሉንም ፈታሁና እንደገና ጀመርኩ፤ በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር።

እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች በር ላይ ቆመች።

«በሚካኤል! በሚካኤል ሥራ ትሠሪያለሽ?»

«እማዬ፣ ጨዋታ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ጨዋታ በበዓል መቼ ተከለከለ? ሥራ ነው ካልሽ ደግሞ ሙያ አለኝ ማለት ነው፤ ለቆራሌ አትስጪብኝ።»

«ከጎማው በፊት ምላስሽ በተቃና!» ብላኝ ገባች። ወዲያው የሽሮው ሽታ ከጓዳ መጣ፤ ነይ ብዪ ግን አላለችኝም። እናቴንም ሚካኤልንም እፈራለሁ፤ አላቆምኩም።

በማግስቱ «ቆራሌው!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ብስክሌቱን ይዤ በሩን ዘጋሁት። እናቴ መጣች። የፊት ጎማውን ብድግ አደረገችና በእጇ አሽከረከረችው። ትንሽ ይወዛወዛል፤ ግን ይዞራል። እስኪቆም ድረስ አየችው። ከዚያ አንገቷን በበሩ አውጥታ «ዛሬ ብረት የለንም» አለችው።

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የጨረስኩት በዚያ ብስክሌት እየተመላለስኩ ነው። እናቴ ጎበዝ ሳትለኝ ሞተች፤ ይቆጨኛል። ወንድሜ በዚያው ብስክሌት ሦስት ጊዜ ሲወድቅ ሦስቴም ያስጠገነችለት እሷ ነበረች፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። አሁን ሰባ ልደፍን ነው፤ ዘንድሮም የንስሐ አባቴ «የቀረሽ ነገር አለ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ብዙ ኃጢአቴን ነግሬያቸዋለሁ። ያን ዓርብ ግን አልነገርኳቸውም። አልተጸጸትኩበትማ።