ባሕሩ የተቆረጠበት የሕይወት ታሪክ

«ከዚያም በልዩ ልዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት በቅንነት አገልግሏል።» በጓደኛዬ አስከሬን ፊት የተነበበው ይኼ ነው። ባሕሩ፣ ሄሊኮፕተሩ፣ አብረን የጨረስነው ወጣትነት፣ በዚች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ አለቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሜ ደሜ ፈላ። አንባቢው ምን ያድርግ፣ የሰጡትን ነው ያነበበው። እኔን ያናደደኝ የሰጠው ሰው ነው።

ጓደኛዬ ያረፈ ዕለት ሴት ልጁ ከኮርነርስቶን ሰፈር ደወለችልኝ። ካልጋሪ የተወለደች፣ አማርኛዋ የሚሰባበር ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የሕይወት ታሪኩን ይጻፉልኝ» አለች። «ዳድ ከካናዳ በፊት ምን እንደሠራ አይ ዶንት ኢቭን ኖው።» እውነቷን ነው። ስለዚያ ዘመን ትንፍሽ አይልም ነበር፤ ከጠየቁትም «መንግሥት ቤት ነበርኩ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። የሥራ ሺፍቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ጻፍኩላት።

የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ስኳድሮን ነበረን ስል እዚህ ሳድል ሪጅ ሰፈር የጎረቤቶቼ ልጆች ይስቃሉ፤ ባሕር የሌለው አገር ምን ባሕር ኃይል አለው ይሉኛል። ነበረን። ምጽዋ ነበርን። ጓደኛዬ ከሄሊኮፕተሩ በር ላይ ሆኖ ሰው በገመድ የሚያወጣው የዊንች ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ መካኒክ። ጨው ብረቱን እንዳይበላው ሄሊኮፕተሩ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር በንጹሕ ውኃ እናጥበዋለን፤ እኛ ገላችንን የምንታጠበው ከዚያ በተረፈው ነበር። ከደሴቶቹ ምጥ የጠናባትን ሴት አምጥተናል። ጀልባቸው የተገለበጠባቸውን ዓሣ አስጋሪዎች ከውኃ አውጥተናል። ጦርነትም ነበረ፣ አልደበቅኩትም፤ ወታደር አድርሰናል፣ ቁስለኛ መልሰናል። መንግሥት ሲለወጥ ሁላችንም ተበተንን። የስኳድሮኑን ታሪክ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ የቀረነውም አንድ በአንድ እያለቅን ነው። ስለዚህ የጻፍኩት የእሱን ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም ነበር።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከኤርድሪ ከተማ እየነዳ መጣና ልጅቷ ሳታየው አነበበው። «ጋሼ፣ ይኼ ክፍል ይውጣ» አለኝ።

«ለምን?»

«ኤርትራውያን ለቅሶ ይመጣሉ። ጎረቤቱ ያሉት ሽማግሌ ራሳቸው የምጽዋ ሰው ናቸው። ፕሊዝ፣ ሰው ሳይቀየም እንቅበረው። ልጅቷም ብታውቀው ምን ይጠቅማታል?»

«የሰውየውን ዕድሜ ነው እኮ የምታወጣው» አልኩት። «ሴንሲቲቭ ነገር ነው» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ለቅሶ ቤት መጨቃጨቅ ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይሉኝታዬ እስከ ቀብሩ ድረስ አንገበገበኝ።

ከቀብር መልስ የልጅቷ ቤዝመንት ውስጥ ተቀመጥን፤ እሷ መሐል፣ አጎቷ ከጎኗ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው። እነዚያ የተፈሩት ሽማግሌ በረዶውን ከጫማቸው አራግፈው ገቡ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ወደኛ ዞሩና «ስለ ሄሊኮፕተሩ ለምን ሳይነበብ ቀረ?» አሉ።

«ዋት ሄሊኮፕተር?» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ደነገጡ። «አልነገረሽም? እኔ ምጽዋ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። እሱ ከላይ ያየን ነበር፣ እኛ ከታች። በጋ በጋ ጓሮ ተቀምጠን የምንጫወተው ስለዚያ ነው። ወንድሜ በዚያ ጦርነት መሞቱን ነግሬዋለሁ፤ አብሮኝ አልቅሷል። ቂም ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

አጎቷ መሬት መሬቱን ያያል። የእኔ ንዴት ግን ከእሱ ላይ ተነስቶ ወደ ሟቹ ዞረ። ለጎረቤት ሲተረክ የኖረ ነገር ለገዛ ልጅ የሚደበቀው በምን ምክንያት ነው? ምን አድርጌህ ነው ይኼን ጣጣ ለእኔ ትተህልኝ የሄድከው ብዬ የቀበርኩትን ሰው በሆዴ ሰደብኩት። ከዚያ በኋላ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ተውኩት።

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩትንም ነገርኳት። ባሕር ላይ ሰው ሲወድቅ የዊንቹ ሠራተኛ ዓይኑን ከዚያ ሰው ላይ አያነሳም። ማዕበል መሐል የሰው ጭንቅላት በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ አንዴ ዞር ካሉ መልሶ ማግኘት የለም። አብራሪውን ሲያናግር እንኳ ፊቱን አያዞርም፣ በእጁ ብቻ ይጠቁማል። «አባትሽ አንድ ጊዜ ዞሯል» አልኳት። «ከኋላው ጠርተውት ነው። የወደቀውን መርከበኛ እስኪመሽ ፈለግነው፣ አላገኘነውም። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጠራው ዞሮ አያውቅም።»

«ስዊሚንግ ክላስ» አለች። «ትንሽ ልጅ ሆኜ። ሌሎቹ ፓረንትስ ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ዳድ ግን ገንዳው ዳር ይቆማል። ሰዎች ሃይ ሲሉት አይመልስም፣ እኔን ብቻ ነው የሚያየው። ጓደኞቼ ሲስቁ አይ ዋዝ ሶ ኤምባራስድ። ሁለተኛ እንዳትመጣ አልኩት።»

«እሺ አለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«እሺ አለኝ። ከዚያ በኋላ ውጪ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ነበር የሚቆመው። ክላሱ እስኪያልቅ።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አጎቷ ሻይ ሊቀዳልን ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ቁጭ በል» አልኩት። «አንተም ስማ።»